የወርቅ ጫፍ ያለው ገመድ

አምፖል ልገዛ ነበር የወጣሁት። የበረንዳችን አምፖል ከተቃጠለ ሳምንት አልፎታል፤ ባለቤቴም «ነገ» የምትለዋ ቃሌ ሰልችታታለች። ሐሙስ ከሰዓት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ አልኩ። ውጭው ያቃጥላል። ሱቁ ውስጥ ቬንትሌተር ይዞራል፤ ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፍቶላቸው፣ አቶ ዘካሪያስ ተቀምጠዋል።

ነጋዴ ሳትጠይቀው ለስላሳ ከከፈተልህ ቢላዋው ተስሏል ማለት ነው። ይህን የማውቀው እኔም ታርጄ ስለማውቅ ነው።

አቶ ዘካሪያስን ላስተዋውቃችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ላይ በመስኖ የሚለማ የሙዝ ማሳ አላቸው፤ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ አንዱና የንብረት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ስቆጣባቸው እንዳትረሱት። ለራሳቸው ሲገዙ በአንድ ሜትር የውሃ ጎማ ላይ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ለጌታ ቤት ሲገዙ ግን መከራከር ኃጢአት ይመስላቸዋል። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

«መምህር በርናባስ! ጌታ ነው ያመጣህ!» አሉ ሲያዩኝ። «ና እስቲ እየው። እንዲህ ያለ ነገር አርባ ምንጭ ገብቶ ያውቃል?»

ጭናቸው ላይ ጥቁር ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎ ሁለት ገመድ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ኧረ ምን ገመድ ነው፣ የሙሽራ ጌጥ ነው እንጂ! ረጅሙ ድምፅ ከማስተካከያው ሚክሰር ወደ ማጉያው ሞንታርቦ የሚወስድ፣ አጭሩ ከላፕቶፕ ወደ ፕሮጀክተር ምስል የሚወስድ ነው። ጫፋቸው ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጫል።

«ወርቅ ነው» አሉ አቶ ዘካሪያስ፣ ሌባ እንዳይሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ወርቅ የተቀባ» አለ የሱቁ ባለቤት ዘመድኩን። ጎልማሳ ነው፤ ትሑት፣ አንደበተ ለስላሳ።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«ለቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሁለቱ አርባ ስምንት ሺህ ብር።»

አምፖሌን ረሳሁት። አርባ ስምንት ሺህ! ደሜን ያፈላው ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የየት ገንዘብ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የበኩራት ቀን አለ። ገበሬው የማሳውን የመጀመሪያ ፍሬ ያመጣል፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ በቆሎ፣ ዶሮ፣ ቅቤ። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ይጫረታል። የገበያ ጨረታ እንዳይመስላችሁ። ገበያ ላይ ጥቂት መቶ ብር የሚያወጣ ሙዝ ሦስት ሺህ ይገባል፤ የገዛው ሰው መልሶ ይሰጥና እንደገና ይሸጣል፤ እልልታው ሰፈሩን ይሞላዋል። ዘንድሮ እማማ ልክነሽ አንድ አውራ ዶሯቸውን ታቅፈው መጡ። እማማ ልክነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሰባ አምስትን ያለፉ፣ ጆሯቸው የደከመ እናት ናቸው። እግራቸው ስለማይታጠፍ የሚቀመጡት ኋላ በሩ አጠገብ፣ ሕፃን ካቀፉት እናቶች ጋር ነው። እዚያ ያለው ሞንታርቦ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። የፊተኛውም እዝዝዝ ሲል ይውላል እንጂ ቃሉ ኋላ ድረስ አይሰማም። ታዲያ እማማ ልክነሽ ማይክ ሲሰጧቸው ምን አሉ?

«ልጆቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተ ስታጨበጭቡ አይቼ ነው የማጨበጭበው። ይሄ ዶሮ ይሸጥና የኋላው ይናገርልኝ። ሳልሞት ቃሉን ልስማ።»

አቶ ዘካሪያስ ዶሮውን በስድስት ሺህ ብር ገዝተው መልሰው አስታቀፏቸው። ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። በዚያ ቀን ሃምሳ ሺህ ብር ተሰበሰበ፤ ለሌላ ሳይሆን ለዚሁ ለድምፁ። አሁን ያ ዶሮ በጥቁር ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ጋሽ ዘካሪያስ፣ የኋላው ሞንታርቦስ?» አልኳቸው።

«እሱን የገደለው ገመዱ ነው ይላል ዘመድኩን። የእኛ ገመድ ተራ ስለሆነ ጉልበቱን ፊት ላይ ይጨርሳል፤ ኋላ አይደርስም። እዝዝ የሚለውም ከዚያው ነው። ይሄ ሲገባ ሁሉም ይስተካከላል።»

«መጥቶ አይቶታል?»

«ምን ያያል? ነገርኩት እኮ!»

በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚሸጥ ሐኪም ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ልል ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ዘመድኩን ፈገግ አለና «መምህር፣ ይሄ ኦክስጅን የሌለበት መዳብ ነው። ድምፁ ይተነፍሳል» አለኝ።

«ኦክስጅን ከሌለበት በምን ይተነፍሳል?» አልኩት። አልሳቀም።

«ይስሙትና ይፍረዱ» ብሎ አንድ መዝሙር በተራ ገመድ አጫወተ። ደህና ነው። ከዚያ ገመዱን ነቅሎ የወርቁን ሰካና ያንኑ መዝሙር ደገመው። እውነት ለመናገር ሁለተኛው ደመቀ። አቶ ዘካሪያስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሃሌ ሉያ» አሉ። እኔም ለአፍታ «ይሆን እንዴ?» ብያለሁ።

«ዘመዴ፣ ሁለተኛውን ስታጫውት ድምፁን ለምን ጨመርከው?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ኖላዊት ናት። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አምና እዚሁ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቃ እስካሁን ሥራ አላገኘችም። በረንዳዋ ላይ የሰው ስልክና ራዲዮ እየጠገነች፣ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ሚክሰር ትይዛለች። ለብየዳ የሚሆን ሊድ ልትገዛ ነው የመጣችው።

«እኔ አልጨመርኩም» አለ ዘመድኩን።

«አውራ ጣትህ ሪሞቱ ላይ ነበረች። አየሁህ እኮ። ጆሮ ትንሽ የጮኸውን ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለዋል።»

«ልጄ» አሉ አቶ ዘካሪያስ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ሰላምታ ይቀድማል።»

«ይቅርታ ጋሼ። እንዴት ዋሉ? ግን ይህን ሊገዙ ነው?»

«ለጌታ ቤት ነው።»

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ላስረዳዎት። ይሄ አጭሩ፣ ምስል የሚወስደው፣ የሚያመላልሰው ቁጥር ነው። ላፕቶፑ ቁጥር ይልካል፣ ፕሮጀክተሩ ይቀበላል። ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ድርግም ይላል። እርስዎ ለልጅዎ በስልክ ‹መቶ ኪሎ ጫን› ብለው ሲጽፉለት፣ ስልክዎ ውድ ስለሆነ መቶው መቶ ሃያ ሆኖ ይደርሰዋል?»

«እንዴት ተብሎ!»

«ቀለሙም እንደዚያው ነው። በአምስት መቶ ብር ገመድ የመጣ ቀይና በሃያ ሺህ ብር ገመድ የመጣ ቀይ፣ ያው ቀይ ነው።»

«የድምፁስ?» አለ ዘመድኩን ጣልቃ ገብቶ። «እሱ ቁጥር አይደለም።»

«እሱስ እውነትህን ነው፤ እሱ ላይ ገመድ ከገመድ ይለያል።» ዘመድኩን ቀና አለ። «ቀጭንና ሽፋኑ የሳሳ ገመድ ለረጅም ርቀት አይሆንም። ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም። ጋሼ፣ የጫኖ ቦይዎ ቢሰነጠቅ ወይም ቢጠብ ሙዙ ውሃ ይጠማዋል አይደል? ይጠግኑታል፣ ያሰፉታል። ቦዩ ደህና ሆኖ ሳለ እብነ በረድ ቢያነጥፉበትስ? ሙዙ ይጣፍጣል?»

አቶ ዘካሪያስ ሳቅ አሉ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት።

«ሙዝና የጌታ ቤት አንድ አይደለም» አሉ። «ለመሥዋዕት አንካሳ በግ አይቀርብም። እኔ ለራሴ ርካሽ እለብሳለሁ፣ ርካሽ እበላለሁ። ለእሱ ግን ከገበያው ውዱን ነው የምፈልገው። የእማማ ልክነሽን ዶሮ በስድስት ሺህ ብር ስገዛ ማን ሞኝ አለኝ? ሁላችሁም አላጨበጨባችሁም? ያኔ ዋጋው ስንት ያወጣል ብሎ የጠየቀኝ አለ? ዛሬ ለገመዱ ጊዜ ምነው ሁላችሁም ነጋዴ ሆናችሁ?»

አዎ፣ እኔም አጨብጭቤ ነበር። ሰውየው ከአንጀታቸው ነው የሚናገሩት። ልጅቷ ግን አልተበገረችም።

«ጋሼ፣ ዶሮው ገበያ ላይ ስንት ያወጣ ነበር?»

«ቢበዛ አንድ ሺህ።»

«እርስዎ የጨመሩት አምስት ሺህ የት ገባ?»

«የት ይገባል? ወደ ጌታ ቤት ነዋ።»

«የዚህ ገመድ ጭማሪስ የት ይገባል?»

ዘመድኩን የባንኮኒውን መስታወት መወልወል ጀመረ። ኧረ ይወልውል! እኔ በልቤ «ጎሽ የኔ ልጅ» አልኩ።

ይህ ስህተት የእኛ ስህተት ነው፤ ከሌላ አገር አልመጣም። በበኩራት ጨረታ ዋጋ መጨመር መስጠት ነው። ተለማመድነውና ሱቅም ገብተን ዋጋ የጨመርን እንደሆነ ለእግዚአብሔር የሰጠን ይመስለናል። ነጋዴውም ይህን አወቀብን። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» ስንል ዋጋ ይቀንስልናል ብለን ነው፤ እሱ ግን የሚሰማው «አልከራከርህም» የሚለውን ነው።

አቶ ዘካሪያስ ግን ተነክተዋል፤ የተነካ ሰው ደግሞ እውነት ሲሰማ ይብስበታል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። «ዓመት ሙሉ ለራሷ ሥራ ያላገኘች ልጅ እኔን ልታስተምር! መጀመሪያ የራስሽን ኑሮ አቅኚ።»

ኖላዊት አንገቷን ደፋች። ሊዷን ይዛ ልትወጣ ስትል ያኔ ነው ድምፄን ያነሳሁት፤ ሱቅ ውስጥ ጮኼ አላውቅም፣ ዕድሜ ለአቶ ዘካሪያስ ጮኽኩ።

«ጋሽ ዘካሪያስ፣ ይሄስ አላማረብዎትም! ልጆቻችንን አስተማርን፣ ፎቶ አንጠልጥለን አስመረቅን። ከዚያ የተማሩትን ሲነግሩን ‹ሥራ የለሽም› እንላቸዋለን። ሥራዋ ይህ አይደለም እንዴ? ሚክሰሩን በነጻ የምትይዘው እሷ፣ ምን እንደጎደለው የጠየቅናት ግን መቼ ነው? ሳያየው ‹ገመዱ ነው› ያለዎትን አመኑ፤ በየእሑዱ የምታየውን አባረሩ!»

እሳቸው ግን ሳጥኑን አልለቀቁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልል ነበር፤ ታላቄ ስለሆኑ ተውኩት።

ያዳነን ዘመድኩን ራሱ ነው። በዕቃው ተማምኖ ይሁን በእኛ ሞኝነት አላውቅም፣ «ለምን ትጣላላችሁ? ወስዳችሁ ሞክሩት። ካልወደዳችሁት መልሱት» አለ። ሳጥኑ አንዴ ከገባ የሚመልስ ምዕመን የለም ብሎ ነው።

«እንሞክራለን» አለች ኖላዊት ከበሩ ላይ ዞራ። «ግን ጋሼ በጆሯቸው ብቻ ይፍረዱ፤ በዓይናቸው አይደለም።»

«ጆሮዬን ታምኛለሽ?» አሉ አቶ ዘካሪያስ።

«ከሪሞቱ ይልቅ አምነዋለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተገናኘን፤ ሦስታችን ብቻ። ኖላዊት ሦስት ገመድ አሰናድታለች፤ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን መልካም ተራ ገመድ፣ የወርቁን። የድምፁን ማስተካከያ በፕላስተር አሸገችው፤ ማንም እንዳይነካው። ከዚያ እሷና አቶ ዘካሪያስ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ዕጣ እያወጣሁ የምቀያይረውና ተራውን ወረቀት ላይ የምመዘግበው እኔ ብቻ ነኝ።

«አንቺም አታዪም?» አሉ አቶ ዘካሪያስ።

«እኔም ካየሁ ፊቴ ይነግርዎታል።»

አንድ መዝሙር ዘጠኝ ጊዜ ሰማን። አቶ ዘካሪያስ በየተራው «ይሄ ተራ ነው»፣ «ይሄ ደህና ነው» ይላሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጭናቸውን መቱ።

«ይሄ ነው! ይሄማ ወርቁ ነው! ሰማችሁ? ይተነፍሳል!»

አሮጌው ነበር። መሰኪያው የዛገው፣ አንዱ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለው የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ገመድ። ወርቁ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ «ተራ ነው» ብለውታል። ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አሉ። «በወርቁም ጊዜ እዝዝ ይላል።»

«ይላል» አለች ኖላዊት።

«ዘመድኩን ይጠፋል ብሎኝ ነበር።»

«ገመዱ ስላልሆነ ነው ጋሼ። ይምጡ ላሳይዎት።»

ከሚክሰሩ ጀርባ ገባች። ከማይኩ የሚመጣው የድምፁ ገመድና መብራት የሚያመጣው ገመድ አንድ ላይ በሲባጎ ታስረዋል፤ አንዱ ላንዱ እንደ ታመመ ጎረቤት ሌሊት ከቀን ሲያቃስት ኖሯል። ሲባጎውን በጥርሷ ቆረጠችው። የድምፁን ገመድ በአንዱ ግድግዳ፣ የመብራቱን በሌላው አስኬደችው። እዝዝታው ጠፋ። አዳራሹ ጭር ከማለቱ የተነሳ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማነው። ወጪው አንድ የተበጠሰ ሲባጎ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታውቂው?» አልኳት።

«እጠረጥር ነበር። ለኮሚቴው ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ‹መድረኩን እንዳታፈራርሺው› ተባልኩ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጣሪያውን አዩ።

«የኋላውስ?» አሉ።

ቴስተሯን አውጥታ ከሚክሰሩ ጀምሮ ገመዱን ተከተለች። ከመድረኩ ጫፍ ላይ ገመዱ ምንጣፍ ሥር ገባ። ቀይ ምንጣፍ ነው፣ ዳር ዳሩ በምስማር የተመታ።

«ምንጣፉን ማንሳት አለብኝ ጋሼ።»

አቶ ዘካሪያስ ጎንበስ ብለው የምንጣፉን ዳር ዳሰሱ። «እሱን እኔ ነኝ የመታሁት። በገዛ እጄ። በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ነው ያመጣሁት፤ መድረኩ እንዲከበር። ገመድ እንዲህ በየሜዳው ተዝረክርኮ ለጌታ ቤት ነውር ነው ብዬ።»

«መቼ ነበር?»

«ሁለት ዓ…»

አልጨረሱትም። ኖላዊት ቀስ ብላ ምስማሮቹን ነቀለች፤ አራተኛው እንቢ አለ። ስትጎትተው ገመዱም አብሮት መጣ። ምስማሩ መሃል ለመሃል ወግቶታል። የኋላውን ሞንታርቦ ሁለት ዓመት ዝም ያሰኘው እሱ ነው።

አቶ ዘካሪያስ ምስማሩን ከእጇ ተቀበሉና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ ልክነሽን ያደነቆርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሳያውቁ ነው።»

«ለእሱ ክብር ብዬ። ውድ ምንጣፍ፣ ውድ ገመድ። ከሥር ያለውን ማን አየ? አየሽ ልጄ፣ የራሴን ብር ስቆጥብ ዓይኔ ይበራል። የእሱን ሳወጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ዓይን መጨፈን እምነት መስሎኝ ኖሯል።»

ኖላዊት የተወጋውን ቆርጣ ጫፍና ጫፉን ገጠመች፤ ሐሙስ በገዛችው ሊድ በየደችው፣ ሸፈነችው። ማይኩ ላይ «አንድ፣ ሁለት» ስትል ከኋላ በኩል ግልጽ ያለ «አንድ፣ ሁለት» መጣ። አቶ ዘካሪያስ ብድግ አሉ።

«ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ ያልኩሽን ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ» አሉ። «ልጅ ያቦካው ለእራት በቃ። ተርፎም ጎረቤት ያበላል።»

ሳጥኑን ይዘው ያኔውኑ ሱቁ ሄዱ፤ አብሬያቸው ሄድኩ፣ ይህንንማ ሳላይ አልቀርም። ዘመድኩን ለስላሳ ሊከፍት ሲል «አልጠማኝም» አሉት። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ ዕቃህ ይዋሽ አይዋሽ ራሱ አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። ገንዘቡ ዶሮ ሸጣ ቃሉን ልስማ ያለች እናት ነው፤ ሪሞት አይነካበትም።» ዘመድኩን ቀልቶ «ጋሼ፣ ለእኔም ያመጡልኝ ሰዎች ያሉኝን ነው የምለው» አለ። ይሁን። እኔ ግን እንዲህ ስል እመልሳለሁ፤ ያልፈተነውን የሚሸጥና ያልፈተነውን የሚገዛ፣ ሁለቱም ያንኑ አንድ ውሸት ይመግቡታል።

ከዚያ አቶ ዘካሪያስ አንድ ጥቅል ተራ፣ ወፈር ያለ የመዳብ ገመድ አነሱና ስለ ዋጋው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ለጌታ ቤት! በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ክርክር ሰምቼ አላውቅም። እኔም አምፖሌን ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላስቀድምና የእሑዱን ለመጨረሻ ላቆየው። በተረፈው ገንዘብ ሕፃን ይዘው ለሚወጡ እናቶች ውጭ ባለው ጥላ ሥር አንድ ተጨማሪ ሞንታርቦ ተተከለ። ኮሚቴው ለኖላዊት ለጥገናው ተገቢውን ክፍያ ወሰነላት፤ አራት ወጣቶችንም አስተማረች። ወሬው ጫኖ ላሉት አጥቢያዎች ደረሰ፣ ራቅ ካለው ከካምባም ሰው ተላከባት፤ አሁን ቅዳሜዋ ከሞላ ሰንብቷል። ኮሚቴውም አንድ ደንብ አወጣ፤ የሚያውቅ ሰው ችግሩን በዓይኑ ሳያይ ዕቃ አይገዛም፣ ውድ የሆነ ዕቃ ከተራው ጋር ሳይፈተን አይገባም። ይህን ደንብ ያረቀቁት አቶ ዘካሪያስ ናቸው።

እናንተም ቤታችሁ ተመልከቱ። ለቴሌቪዥኑ የወርቅ ጫፍ ገመድ ገዝታችሁ ከጀርባው አቧራ የዋጠው መሰኪያ ላልቶ ይሆናል። ገመዱ ደህና መዳብ ይሁን፣ ልኩ ይመጥን፣ ጫፉ ይጥበቅ፣ ከመብራቱ ይራቅ። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለጆሯችሁ ሳይሆን ለሳጥኑ ነው። በእውነት ያናድደኛል! እኛ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ስንት ጊዜ «ቀንሺ» እንላለን፤ ያልገባንን ነገር ስንገዛ ግን ማፈሪያችን አለመጠየቅ መሆኑ ቀርቶ መጠየቅ ሆነብን።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። አቶ ዘካሪያስ ወደ መድረኩ ወጡ፤ ምንጣፉ የለም፣ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ከኪሳቸው ያንን ምስማር አወጡና ለሁሉም አሳዩት። ስለ ሱቁ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ምንጣፋቸው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። «ለእሱ ክብር ብዬ የመታሁት ምስማር የእናታችንን ጆሮ ዘጋ» አሉ።

እኔ ዓይኔ ኋላ በሩ ላይ ነበር። እማማ ልክነሽ እግራቸውን ዘርግተው፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ለማጨብጨብ አዘጋጅተው፣ የሰውን እጅ እያዩ ተቀምጠዋል። ድምፁ ከራሳቸው በላይ ካለው ሞንታርቦ ሲወጣ ክው አሉ። ቀና ብለው ሞንታርቦውን አዩት። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጡ፤ ሰውየው ተናግረው እስኪጨርሱ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚያደርገው፣ አዳራሹ ሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ፦

«ዘካሪያስ! ምነው ድምፅህ እንዲህ ሸመገለ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ዘካሪያስ ግን መሳቅ አልቻሉም፤ ማይኩን እንደያዙ ቆመው አለቀሱ።